ሐዋ ወፈረች የተባለ ጊዜ

ወሬው የመጣልኝ በደስታ ተጠቅልሎ ነው። ጾመ ፍልሰታ ነበር። ዝናቡ ሲወርድ አድሮ ገና ማባራቱ ነው፤ እኔም ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ የመርፌ መቀቀያውን ጥጄ ቆሜአለሁ። የታካሚያችን የሐዋ አባት አቶ ሙሳ በጤና ጣቢያው በር ብቅ አሉ። እግሯ የታሰረ ዶሮ በብብታቸው ይዘዋል፤ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ናቸው፤ ፊታቸው ግን ይስቃል።

«ሲስተር! ሐዋ ዳነ!»

«እንዴት ዳነች?»

«ወፈረ! ፊቱ ሙሉ ሆነ፣ እንዲህ!» ጉንጫቸውን በአየር ነፉና አሳዩኝ። «ደም የለም፣ ቁርጠት የለም። ገንፎ ስንሰጠው ይጨርሳል፣ ሌላ አምጡ ይላል። ወላሂ፣ አንተ ብታየው አታውቀውም! ክኒን አቆምን። ይሄ ዶሮ ያንተ ነው፣ ብላ።»

የአቶ ሙሳ አማርኛ ሰውን ሁሉ ወንድ ያደርጋል። የእኔ በርትኛ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም ነበርና ማናችንም ማንንም አናርምም።

«አቶ ሙሳ፣ ጾም ላይ ነኝ» አልኳቸው፣ ሌላ የምለው ስለጠፋኝ።

«ያንተ ጾም መቼ ነው የሚያልቀው?» ብለው ሳቁ።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። ክኒኑን ያቆማችሁት ቀስ በቀስ እየቀነሳችሁ ነው ወይስ በአንድ ጊዜ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ባንዴ!» አሉ፣ በኩራት። «የዳነ ሰው ምን ክኒን ይበላል?»

ያ ክኒን በአንድ ጊዜ ሲቆም ሰው ይገድላል። ዶሮዋን ተቀብዬ መቀመጫ ሰጠኋቸውና ወደ ውስጥ ሮጥኩ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቼ እዚሁ አሶሳ ተቀምጫለሁ። ወንድሞቼ ከደብረ ብርሃን እየደወሉ «እዚያ ሙቀት ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ፣ ነይ እንጂ» ይሉኛል። እመጣለሁ እያልኩ ዓመቱ ይሄዳል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሥራ ዘመኔ ብዙ አይቻለሁ፤ የወባውም ወረርሽኝ፣ የኩፍኙም፣ የምጡም ጭንቅ አለፈ። ያሳለፍኩትን ሳስብ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣብኝ የዚያ ጠዋት ሳቅ ነው።

መጀመሪያ የተመደብኩት ማንቡክ ነበር። ክልሉ ሲቋቋም ሰው ተፈለገና ወደ አሶሳ ተዛወርኩ። ያን ጊዜ አሶሳ የክልል ዋና ከተማ መሆኗን ራሷም ገና አልለመደችውም። ዛሬ እዚህ ያየነው ቢሮ ነገ ወንበሩን በጋሪ ጭኖ ማዶ ይገኛል። ማኅተም ሲፈለግ ማኅተሙ ከሰውየው ጋር መስክ ወጥቷል። ደሞዝም ይዘገይ ነበር፤ ስለ እሱ ብዙ አልልም፣ አልተራብንም። ከየአገሩ የመጣን መምህራን፣ ጸሐፊዎችና ነርሶች አንዱ የሌላውን አነጋገር እየቀለድንበት፣ አብረን እየበላን ኖርን።

የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ጋሽ ኦላና የሚባሉ ጤና መኮንን ነበሩ። የባምባሲ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲናደዱ ኦሮምኛ የሚቀናቸው። ሥራ የተማርኩት ከእሳቸው ነው ብል ውሸት የለበትም።

ወጣት ታማሚ ሲመጣ ጋሽ ኦላና ቤተሰቡን በዘዴ ከክፍሉ ያስወጣሉ። አባትን «እስቲ ካርድ ክፍል ይጠይቁልኝ» ይላሉ፤ እናትን «ውሃ ያምጡልኝ» ብለው ይልካሉ። ከዚያ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው የታጠበ ፋሻ መጠቅለል ይጀምራሉ። የሚጠይቁት ፋሻውን እያዩ ነው፤ ቀና ብለው ልጁን አያዩትም። «ሽንት ቤት ቶሎ ቶሎ ያስኬድሃል? ከእንቅልፍህስ ይቀሰቅስሃል? የሚወጣው ምን ይመስላል፣ ቡና ነው ወይስ ካርካዴ?» ካርካዴን በአገሩ የማያውቅ የለም፤ ቀይነቱን ሁሉም ይረዳዋል።

አንድ ቀን «ለምን አያዩዋቸውም?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ስለ ሰገራው ዐይን ለዐይን እየተያየ የሚያወራ ጎረምሳ አጋጥሞሽ ያውቃል?» አሉኝ። «ካላየሁት ይነግረኛል። ፋሻውም ይጠቀለላል፤ ምን እንከስራለን?»

ሐዋም የተናገረችው ለዚያ ፋሻ ነው። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፣ በሆሞሻ በኩል ካለች መንደር። ከስታ ዐይኗ ብቻ ቀርቷል። ከአንድ ዓመት በላይ በየቦታው ለአሜባ ታክማለች፤ በሽታው ለጥቂት ቀን ይተዋትና ተመልሶ ይመጣል። ለአባቷ «ሆዴን ያመኛል» ከማለት ያለፈ ነግራቸው አታውቅም። ጋሽ ኦላና ፋሻቸውን ሲጠቀልሉ ግን እሷም ፋሻውን እያየች፣

«ካርካዴ» አለች። ቀጥላም «ክፍል ውስጥ የማልቀመጠው ለዚያ ነው። ሰነፍ ነች ይሉኛል» አለች።

ሰነፍ አልነበረችም። አዲሱ ክልል የአገሩን ቋንቋ የሚያውቁ መምህራን እየፈለገ ነበርና ሐዋ ለመምህራን ማሠልጠኛ ከታጩት መካከል ነበረች። ከመንደሯ ሴት ልጅ ለዚህ ስትታጭ የመጀመሪያዋ ናት። አቶ ሙሳ ይህን የማይነግሩት ሰው አልነበረም፤ መንገድ ላይ ያገኙትን ሹፌር ሳይቀር «ልጄ መምህር ይሆናል» ይሉ ነበር።

ጋሽ ኦላና አዲስ አበባ ላኳት። በመሣሪያ አንጀቷ ታይቶ የበሽታው ስም ታወቀ። የትልቁ አንጀት መቆጣት ነው፤ የሰው አካል ራሱን በራሱ የሚያቆስልበት፣ በወጣትነት የሚጀምር፣ ቢታገስም ጨርሶ የማይለቅ በሽታ። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይዛ ተመለሰች፤ አንዱ ትልቅ ቢጫ፣ ሌላው ትንሽ ነጭ። እሳቱን ቶሎ የሚያጠፋው ትንሹ ነጩ ነው። ግን ምግብ ያስበላል፣ ፊት ያሳብጣል፤ ሰውነትም ስለሚደገፍበት ቀስ በቀስ ካልወረደ በቀር አይቆምም።

ከዚያ የእኛ ሥራ ጀመረ። ለትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ነግሬ በር አጠገብ አስቀመጥኳት፤ ሳትጠይቅ እንድትወጣም አስፈቀድኩ። ዳይሬክተሩ የጎንደር ሰው ነበሩ፤ «ሁሉም በር አጠገብ ልቀመጥ ቢለኝ ግድግዳውን ሁሉ በር ላድርገው?» ብለው ቀለዱና እሺ አሉ። በክረምት የሚበላው ሽመል የሚሉት የቀርከሃ ቡቃያ የቆሰለ አንጀት ስለሚያሻክር በሕመሟ ጊዜ እንዳትቀምሰው፣ የማሽላ ገንፎውም ቀጠን እንዲል አስጠነቀቅን። ስለ ነጩ ክኒን ጋሽ ኦላና ለአቶ ሙሳ ሲያስረዱ እንዲህ አሉ፦ «መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሹፌሩ ሞተር ያጠፋል? ካጠፋ ፍሬኑም አብሮ ይከዳዋል። ይህም እንደዚያ ነው፤ እኛ ቀስ አድርገን እናወርደዋለን፣ እናንተ አታጥፉት።» አቶ ሙሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገብቷቸዋል፤ እስከ ዛሬ አልጠራጠርም።

እንግዲህ ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። ጋሽ ኦላና ነገሩን ስነግራቸው ወዲያው ተነሡ። የወባ ማጥፊያውን መኪና ለምነን፣ ግሉኮሱንና መርፌውን በካርቶን ይዘን፣ አቶ ሙሳን ከፊት አስቀምጠን ወጣን። መንገዱ ጭቃ ነው። አቶ ሙሳ አሁንም ገና ደስ እንዳላቸው ናቸው፤ ልጃቸውን ልናይ በመሄዳችን እንግዳ እንዳገኘ ሰው ኮርተዋል።

ግቢው ውስጥ ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። በሽተኛዋ መወፈሯን ለማየት የመጣ ብዙ ነው። በሩ ላይ የተቀበሉን የአቶ ሙሳ እህት፣ ወይዘሮ ዘሃራ ናቸው። የሐዋ እናት ከሞቱ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አማርኛ አይችሉም። እጄን ይዘው ወደ ውስጥ ሳቡኝና በበርትኛ አንድ ነገር አሉ፤ አቶ ሙሳ አስተረጎሙልኝ፦ «እይ፣ ይላል። ሥጋ ሆኗል፣ ይላል።»

ሐዋ አልጋ ላይ ተጋድማለች። ፊቷ ክብ ነው፣ ጉንጯ ሙሉ፣ ቆዳዋ የሚያብረቀርቅ። እጇን ስይዘው ግን ቀዝቃዛ ነው፤ የልብ ምቷ እንደ ክር ቀጥኖ ይሮጣል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ታስመልሳለች። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚያየው ፊቷን ነበር። አስመለሳት ማለት ብዙ በላች ማለት መስሏቸዋል።

«ሐዋ፣ ክኒኑ የት አለ?» አልኳት በጆሮዋ።

«አክስቴ ሰጠችው» አለች።

«ለማን?»

ለጎረቤት ነው። አጥር ማዶ አንዲት ከሲታ ልጅ አለች፣ ብትበላም ሥጋ የማይሞላላት። ወይዘሮ ዘሃራ መድኃኒቱ ሐዋን እንዲህ ካደረጋት የቀረው ለዚያች ይሁን ብለው ጠርሙሱን እንዳለ ሰጥተዋል። ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ላይ የነበረውን አልረሳውም። ሠርግ ቤት የተረፈውን ምግብ ለጎረቤት የሚያከፋፍል ሰው ፊት ነበር።

ጋሽ ኦላና አልተቆጡም። አንድ ሰው ጠርሙሱን እንዲያስመልስ፣ ያችም ልጅ እንድትመጣ ላኩ። እኔ የሐዋን የደም ሥር ፈልጌ ግሉኮሱን ሰቀልኩ፤ ከጣሪያው የሽመል ዘንግ ላይ ነው ያሰርኩት። እሳቸው የክኒኑን ምትክ መርፌ በቀስታ ሰጧት። ከዚያ ከወይዘሮ ዘሃራ ፊት መሬት ላይ ቁጭ አሉና የመኪናውን ነገር ደገሙ፤ ቁልቁለቱን፣ ሞተሩን፣ ፍሬኑን። አቶ ሙሳ ይተረጉማሉ። ግማሹ ላይ ሲደርሱ ሞተሩን ያጠፉት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸው ገባቸው።

ወይዘሮ ዘሃራ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ጎረቤቱም ያዳምጥ ነበር። ከዚያ አጭር ነገር ጠየቁ። አቶ ሙሳ መተርጎም አልፈለጉም፤ መሬት መሬት ያያሉ። የተረጎመችው ራሷ ሐዋ ናት፣ ተኝታ፣ ዐይኗን ሳትገልጥ፦

«ይሄን ሁሉ ካወቃችሁ ለምን ለእኔ አልነገራችሁኝም፣ ነው የምትለው።»

ጋሽ ኦላና መልስ አልነበራቸውም፤ እኔም አልነበረኝም። በመላው አገር የምንሠራው እንዲህ ነበር፤ በሽተኛውን ይዞ ለመጣው አስታማሚ ትነግረዋለህ፣ እሱ ቤት ያደርሳል። እዚህ አገር ደግሞ ጤና ጣቢያ የሚመጣው አማርኛ የሚያውቀው ነው። ማን ምን እንደሚበላ፣ ማን ምን እንደሚውጥ የሚወስነው ግን ሌላ ሰው ነው፤ እቤት ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው። አቶ ሙሳ የመኪናውን ነገር ለእህታቸው አልነገሩም፤ ወንድ ስለ ሆድ ዕቃ ለሴት እህቱ ዘርዝሮ አያወራም። «ይህ ክኒን ያድናል» ብለው ሰጥተዋቸዋል። እሳቸውም ሲያድን አዩ።

በኋላ ሐዋን «አንቺ እያወቅሽ?» አልኳት። «እናቴ እኮ ናት» አለች፣ አክስቷን። «ዳንሽ ብላ ስታለቅስ፣ አልዳንኩም ልበላት?»

ያን ቀን አልሞተችም። ከሰዓት በኋላ ሰውነቷ ሞቀ፣ ውሃ ጠየቀች። ወደ አሶሳ ወሰድናት። ግን የጠፋው እሳት ተመልሶ ነደደ፤ ደሙ ከበፊቱ ብሶ መጣ። ማሠልጠኛው በመስከረም ሲከፈት ጓደኞቿ ሄዱ፤ እሷ ወደ አዲስ አበባ ተጫነች። መድኃኒቱ አልያዘላትም። ሐኪሞቹ ሕይወቷን ለማትረፍ ትልቁን አንጀቷን አወጡት፤ የቀጭኑን ጫፍ በሆዷ በስተቀኝ ወደ ውጭ አወጡላት። ሰገራዋ እዚያ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይወጣል።

አቶ ሙሳ ይህን ሲሰሙ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መምህር ይሆናል?»

አላውቅም አልኳቸው። በእውነት አላውቅም ነበር።

ተመልሳ አሶሳ ስትቀመጥ የያዘችው ከረጢት ጥቂት ነበር፤ ሲያልቅ አሶሳ ውስጥ የሚገዛ የለም። የሚወጣው ፈሳሽ ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል፤ ለአንድ ቀን ከፈሰሰ ይልጣታል። ዚንክ ቅባት በዙሪያው ወፍራም አድርገን ቀባን። ወፍራም ፕላስቲክ እንቆርጥና አፉን በክብ ላስቲክ እናስረዋለን፤ በላዩ የጥጥ መቀነት። ፕላስቲኩ ይንኮሻኮሽ ነበር፤ ሐዋ ሰው ይሰማዋል ብላ መራመድ ጠላች። መላ ያገኙላት ወይዘሮ ዘሃራ ናቸው። በፕላስቲኩና በመቀነቱ መካከል ያረጀ ለስላሳ ነጠላ አስገቡበት፤ ድምፁ ጠፋ። በየሳምንቱ ከመንደር በእግር እየመጡ የመቀነቱን አሰፋፍ ያሻሽሉ ነበር። የታጠበውን ጨርቅ ለሌላ ሰው አይሰጡም። አንድ ቀን ላግዝ ብዬ ብቀርብ እጄን ገፋ አደረጉት።

ሌላ ጭንቀት ነበር። ሐዋ መስገድ አቁማለች። ነጃሳ፣ ርኩስ ነገር፣ ይዤ እንዴት እሰግዳለሁ ትላለች። ይህን የነገረችኝ እኔም የጸሎት ሰው መሆኔን ስለምታውቅ ይመስለኛል። ሃይማኖቷ የእኔ አይደለም፤ መልስ መስጠት አልደፈርኩም። ግን ከጸሎት መለየት ምን እንደሆነ አውቃለሁና ከአባቷ ጋር ወደ ሼኹ ሄድኩ። ሼኹ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገሩን ሁሉ ሳይሸማቀቁ አዳመጡ። «ለእያንዳንዱ ሰላት ታጥባ ውዱ ታድርግ፣ ትስገድ። እየሰገደች ቢፈስ እንኳ ሰላቷ ሰላት ነው። አላህ የማይቻለውን አይጠይቅም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ ግን ታመሽም ትጾሚያለሽ አሉ፤ ላንቺስ ማን ይንገርሽ?» አሉኝ። አቶ ሙሳ ከዚያ ክረምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

በዓመቱ ሐዋ ማሠልጠኛ ገባች። ጋሽ ኦላና ሄደው ለኃላፊዎቹ ተናገሩላት። አብረዋት ለሚያድሩት ልጆች የተናገረችው ግን ራሷ ናት። መቀነቷን ገልጣ አሳየቻቸውና፣ «እናንተ ጠዋት ጠዋት ሽንት ቤት ስትሰለፉ እኔ ተኝቼ እስቃለሁ» አለቻቸው። ጨርሳ ስትወጣ የተመደበችው ከመንደሯ በማይርቅ ትምህርት ቤት ነው። አቶ ሙሳ የመጀመሪያ ቀን አጥሩ ሥር ቆመው የልጃቸውን ድምፅ ሲያዳምጡ ዋሉ።

እኛ ከዚያች ግቢ አንድ ሥራ ይዘን ተመለስን። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ወጣት ሲመጣ ጋሽ ኦላና የሚጠይቁት «እቤት ገንፎውን የሚያገነፋው ማነው?» ብለው ነበር። ያ ሰው ሳይመጣ ክኒኑ አይጀመርም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰቦች እንዲገናኙ አደረግን፤ አስተርጓሚ ከመካከላቸው ይመረጣል። አንድ ከወሎ የመጡ ሰፋሪ አባት ልጃቸው እርሻ የሚጠላው ከስንፍና ይመስላቸው ነበር። እዚያ ተቀምጠው ወይዘሮ ዘሃራ የሆነውን ሁሉ ሲናገሩ ሰሙ። ሲጨርሱ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩትና፣ «ለምን አትነግረኝም ነበር፣ አንተ?» አሉት፤ ጋቢያቸውንም አውልቀው ደረቡለት።

ወይዘሮ ዘሃራ በየቅዳሜው ይመጡ ነበር። በየቅዳሜው ያንኑ ይናገራሉ፤ ጠርሙሱን ለጎረቤት መስጠታቸውን ሳይቀር። ማንም አላስገደዳቸውም።

ጋሽ ኦላና ካረፉ ቆይተዋል። ወይዘሮ ዘሃራም ባለፈው ዓመት አረፉ። ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ድንኳኑ ውስጥ ከኋላዬ አንዲት ሴት ለሌላዋ ስትናገር ሰማሁ፦ «ያች የወንድሟን ልጅ መድኃኒት ቀምታ አንጀቷን ያስቆረጠችው ናት።» ይህን የምትናገረው እሷ ብቻ አይደለችም። በሥልጠና ላይም አንድ ወጣት ባለሙያ ነገሩን «አላዋቂ አክስት» እያለ እንደሚያስተምርበት ወሬው ደርሶኛል። ሐዋም ሰምታዋለች። ተማሪዎቿ ሳይቀሩ ይጠይቋታል፤ እኔን ስታገኘኝ «እናቴን ደግመው ቀበሯት» አለችኝ።

ስለዚህ ያን ቀን እዚያ ግቢ ለነበራችሁ ነው የምጽፈው። ብዙ ነበራችሁ፤ በሩ ላይ፣ አጥሩ ላይ፣ ከአልጋው ራስጌ። አንቺም ከሲታዋ የጎረቤት ልጅ፣ ዛሬ የልጆች እናት ሆነሻል፤ ምናልባት አንድ ሰው ያነብልሽ ይሆናል። ወይዘሮ ዘሃራ መድኃኒቱን ሲሰጡ ምን ብለው እንደሰጡ ሰምታችኋል። በኋላም ምን ብለው እንደጠየቁን ሰምታችኋል፤ መልስ አጥተን መቀመጣችንንም አይታችኋል። እባካችሁ፣ ታሪኩ በፊታችሁ ሲወራ ዝም አትበሉ። ጥያቄያቸውንም ጨምራችሁ ተናገሩ።